ግድግዳ ያጣ ሠዓሊ፤ የሚኻይል ቭሩቤል ሕይወትና ሥራ

በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈው፥ እግዚአብሔር የምስክሩ ድንኳን እንዲሠራ ባዘዘ ጊዜ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በወርቅና በብር፥ በናስና በዕንጨት የሚሠራበትን ጥበብ በልቡ አሳደረበት። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ እናነበዋለን፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳናስተውል እናልፋለን። ለባስልኤል የተሰጠው ጥበብ ብቻ አልነበረም። ጥበቡ የሚውልበት ድንኳን፥ በሥራው የሚረዳው ኤልያብ፥ ወርቁንና ሐሩን የሚያመጣለት ሕዝብም አብረው ተሰጥተውታል። ባስልኤል ጥበቡን ተቀብሎ ድንኳኑን ቢያጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህን ጥያቄ እንድንመረምር የሚረዳን የአንድ ታላቅ ሠዓሊ ታሪክ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ጽሑፋችን የእርሱን ሕይወት ለአንባብያን እናቀርባለን።

ሚኻይል ቭሩቤል በ1856 ዓ.ም. በሳይቤሪያ በኦምስክ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ በሩስያ ጦር ሠራዊት ውስጥ የሕግ ሹም ነበረ። እናቱ ልጁ ገና 3 ዓመት ሲሆነው በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። አባቱ በሥራው ምክንያት ከከተማ ወደ ከተማ ይዛወር ስለ ነበረ ልጆቹም አንድ አገር ሳይለምዱ ወደ ሌላው ይሄዱ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለሚኻይል ያልተለወጠች አንዲት ሰው ብትኖር ታላቅ እኅቱ አና ነበረች፤ ስለ እርስዋ በኋላ እንመለሳለን።

አባቱ ልጁ እንደ እርሱ የሕግ ሰው እንዲሆን ስለ ፈለገ፥ ሚኻይል በሴንት ፒተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ በ1880 ዓ.ም. ጨረሰ። ልቡ ግን በሥዕል ላይ ስለ ነበረ በዚያው ዓመት ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ። መምህሩ ፓቬል ቺስትያኮቭ ተማሪዎቹን ማንኛውንም ነገር በጥንቃቄ ከፋፍለው እንዲያዩት ያስተምራቸው ነበር፤ አንድ ፊት ወይም አንድ እጅ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ብዙ ገጽ ያለው መሆኑን አይተው ገጾቹን አንድ በአንድ እንዲያጋጥሙ ያዝዛቸው ነበር። ቭሩቤል ይህን ትምህርት እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወውም። ስለዚህ ሥዕሎቹን በቅርብ ሲመለከቷቸው የከበረ ድንጋይ ስባሪ የተሰበሰበባቸው ይመስላሉ፤ ራቅ ብለው ሲያዩዋቸው ግን ሕይወት ያለው ፊት ከውስጣቸው ይወጣል።

በዚያ ዘመን በአውሮጳ ሲምቦሊዝም የሚባል የሥነ ጥበብ መንገድ እየተነሣ ነበር። ገጣሚው ዣን ሞሬያስ በ1886 ዓ.ም. በፓሪስ በሚታተመው በሌ ፊጋሮ ጋዜጣ ላይ ስለዚህ መንገድ መግለጫ አወጣ፤ በሥዕልም በኩል ጉስታቭ ሞሮ፥ ፑቪ ደ ሻቫን፥ ኦዲሎን ረዶን በፈረንሳይ አገር በዚሁ መንገድ የታወቁ ነበሩ። አሳባቸው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የሠዓሊ ሥራ ዓይን የሚያየውን መቅዳት ብቻ አይደለም፤ የሚታየውን ነገር የማይታየው ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ ነው። የሰምና ወርቅን ትምህርት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የተሳለው ወፍ፥ አበባ ወይም ፊት ሰሙ ነው፤ ወርቁን ተመልካቹ ቆፍሮ ማግኘት አለበት። ቭሩቤል ከሩስያ ሠዓሊዎች መካከል የዚህ መንገድ ዋነኛ ሆኖ ይቈጠራል። ሆኖም ምሳሌን መሳል የጀመረው ከፓሪስ ጋዜጣ ተምሮ አይደለም። የጀመረው በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው።

በ1884 ዓ.ም. ቭሩቤል ገና ተማሪ ሳለ አድሪያን ፕራኾቭ የሚባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ወደ ኪየቭ ጠራው። በኪየቭ ዳርቻ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የቅዱስ ቄርሎስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በልስን ተሸፍነው ብዙ ዘመን የቈዩ የጥንት ሥዕሎች በዚያ ተገልጠው ስለ ነበረ፥ የተጐዱትን የሚያድስና የጠፉትን በአዲስ የሚተካ ሠዓሊ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ሥራ ወጣቱ ቭሩቤል ስሙ ከማይታወቅ የጥንት ሠዓሊ ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ ለመሥራት ተገደደ። የቀደመውን ሰው እጅ ማወቅና መስመሩን መከተል፥ የራሱንም አሳብ በልክ ማድረግ ነበረበት።

በቤተ ክርስቲያኑ ላይኛው ክፍል ጣራ ላይ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበትን የበዓለ ሃምሳ ሥዕል ሣለ። ሐዋርያት በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ እመቤታችን በመካከላቸው ናት፤ ከላይ የሚወርደው ጨረር በእያንዳንዱ ራስ ላይ ያርፋል። የሐዋርያቱን ፊት የሣለው በኪየቭ ከሚያውቃቸው ከካህናትና ከሊቃውንት ፊት ነው፤ ፕራኾቭ ራሱም በመካከላቸው ይገኛል። ሁሉም አንዱን ጸጋ ቢቀበሉም አቀባበላቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ ደንግጦ፥ አንዱ ዓይኑን ወደ ውስጥ መልሶ፥ አንዱ እጁን በደረቱ ላይ ጭኖ ይታያል። በመግቢያው ክፍል ደግሞ ሦስት መላእክት በጌታችን ሥጋ ዙሪያ አጐንብሰው የሚያለቅሱበትን ሥዕል ሣለ። በዚህ ሥዕል ጩኸት የለበትም፤ ኀዘኑ ሁሉ በተጐነበሰው አንገት ላይ ነው።

ከመቅደሱ ፊት ለፊት በሚቆመው የዕብነ በረድ አጥር ላይ የሚገቡትን አራት ሥዕሎች ደግሞ እንዲሠራ ታዝዞ ወደ ቬኒስ ከተማ ሄደ። በ1884 ዓ.ም. መጨረሻና በ1885 ዓ.ም. በዚያ ሆኖ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሞዛይክ፥ ማለት በትናንሽ የመስታወትና የድንጋይ ስባሪ የተሠራውን የጥንት ሥዕል አጠና። ከቺስትያኮቭ የተማረውን በዚያ የድንጋይ ሥራ ላይ ተፈጽሞ አገኘው። የሣላቸው አራት ሥዕሎች የጌታችን፥ የእመቤታችን ከልጅዋ ጋር፥ የቅዱስ ቄርሎስና የቅዱስ አትናቴዎስ ናቸው። በዚህ ስፍራ የኢትዮጵያ አንባቢ የራሱን አባቶች ያገኛል፤ ሁለቱም የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ናቸውና። ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፥ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፥ ጳጳስ አድርጎ የላከልን ነው፤ የቅዱስ ቄርሎስም ስም በሊቃውንት መጻሕፍት ጉባኤ የሚነበበው መጽሐፍ መጠሪያ ነው። ከኬልቄዶን ጉባኤ በፊት የነበሩ አባቶች ስለ ሆኑ የኪየቭም የአክሱምም ቤተ ክርስቲያን በአንድነት ያከብራቸዋል።

አሁን ወደ ታሪኩ መታጠፊያ እንደርሳለን። በኪየቭ መካከል በቅዱስ ቭላዲሚር ስም ታላቅ ካቴድራል እየተሠራ ነበር። ቭሩቤል በ1887 ዓ.ም. ለዚህ ካቴድራል ግድግዳ የሚሆን የኀዘንና የትንሣኤ ንድፍ በውኃ ቀለም አዘጋጀ። እናት በልጅዋ ሥጋ ላይ የምታለቅስበትን ንድፍ ደጋግሞ በልዩ ልዩ ዓይነት ሠራው። ዛሬ በኪየቭ ሙዚየም ተጠብቀው የሚያያቸው ሰው ሁሉ ያደንቃቸዋል። ሥራውን የሚመሩት ሰዎች ግን አልተቀበሏቸውም። ፕራኾቭ ውበታቸውን ቢያውቅም፥ ለእነዚህ ሥዕሎች የተለየ ሌላ ካቴድራል መሠራት ነበረበት ብሎ ያስብ ነበር። ዋናው ሥራ ለቪክቶር ቫስኔትሶቭ ተሰጠ። ለቭሩቤል የቀረለት ከግድግዳው ጠርዝ የሚሣለው የአበባና የሐረግ ጌጥ ነበር። እርሱም ትእዛዙን ተቀብሎ ጌጡን በሚያስደንቅ አኳኋን ሠራው፤ ትልቁን ግድግዳ ግን ዳግመኛ አላገኘውም።

መሪዎቹን ብቻ ብንወቅስ ፍርዳችን ትክክል አይሆንም። ቭሩቤል ለማስተዳደር ቀላል ሰው አልነበረም። የቀረውን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል፤ ያገኘውን ገንዘብ በአንድ ቀን ይበትናል። አንድ ጊዜ ጌታችን በጌቴሴማኒ ሲጸልይ የሚያሳይ የታዘዘውን ሥዕል ሠርቶ ሳለ፥ በዚያው ሸራ ላይ የሰርከስ ፈረስ ጋላቢ ሴት ደርቦ ሣለበት። ከዚህ የሚበልጠው ግን በ1887 ዓ.ም. ለእኅቱ ለአና የጻፈው ደብዳቤ ነው። በዚህ ደብዳቤ ክርስቶስን ባለው ኃይል ሁሉ እየሣለ መሆኑን ነገራት፤ ነገር ግን ምናልባት ከቤተ ሰቡ ርቆ ከመኖሩ የተነሣ ሥርዐተ ሃይማኖቱ ሁሉ፥ የትንሣኤ በዓል እንኳ ሳይቀር፥ እንግዳ እንደ ሆነበት አልሸሸገም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ቀስ ብለን እንመልከተው። እጁ በመቅደስ ሳለ ልቡ ከበዓሉ ገበታ ርቆ ነበር። ለርቀቱም ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው የፍልስፍና መጽሐፍ ወይም የሊቃውንት ክርክር አይደለም፤ ከቤተ ሰብ መለየትን ነው። በበዓል ቀን የሚጠራው ቤት፥ ጾም ሲፈታ አብሮት የሚቈርስ ሰው አልነበረውም። ብዙ ሰው የሃይማኖት ሥዕል የሣለ ሰው ሁሉ በእምነቱ የጠገበ ይመስለዋል። የቭሩቤል ደብዳቤ ግን የቤተ ክርስቲያን ሠራተኛም እንደ ማንኛውም ሰው ዘመድና ገበታ እንደሚያስፈልገው ያስታውሰናል።

በኪየቭ ሳለ ሌላ አሳብ በልቡ ገብቶ ነበር። ሌርሞንቶቭ የተባለው የሩስያ ባለ ቅኔ ስለ አንድ ብቸኛ ጋኔን የጻፈው ረዥም ግጥም አለ። ቭሩቤል ይህን ጋኔን ለመሣል ደጋግሞ ሞከረ፤ አባቱ በ1886 ዓ.ም. ከሙከራዎቹ አንዱን አይቶ እጅግ አዘነበት። በ1889 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ተዛውሮ በሚቀጥለው ዓመት «የተቀመጠው ጋኔን» የሚባለውን ሥዕል ፈጸመ። ይህ ሥዕል ዛሬ በሞስኮ በትሬትያኮቭ ሙዚየም ይገኛል። በሥዕሉ ላይ ቀንድም ጭራም የለም። ጡንቻው የጠነከረ ወጣት ጕልበቱን አቅፎ በተራራ ላይ ተቀምጧል፤ ከበስተኋላው ፀሐይ እየገባች ነው፤ በዙሪያው እንደ ድንጋይ የደረቁ ታላላቅ አበቦች አሉ፤ ፊቱ በእንባ ቀርቧል። ቭሩቤል ሰዎች ጋኔንን ከዲያብሎስ ጋር እንደሚያሳስቱ፥ የግሪኩ ቃል ግን ነፍስን እንደሚያመለክት ይናገር ነበር። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግን ሰዎች በዚህ ፍቺ ከእርሱ ጋር አንስማማም። ቢሆንም ሥዕሉ ስለ ክፋት ኃይል የተሣለ እንዳልሆነ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ብርቱ ሆኖ ሳለ የሚሠራው ያጣ፥ ጣቶቹን አቆላልፎ የተቀመጠ ሰው ሥዕል ነው።

በሞስኮ ሳቫ ማሞንቶቭ የሚባል ባለጠጋ ወዳጅ ሆነለት፤ የሸክላ ሥራም አስጀመረው። በ1896 ዓ.ም. በኒዥኒ ኖቭጎሮድ በተደረገው ታላቅ የሩስያ ኤግዚቢሽን ሁለት ታላላቅ የግድግዳ ሥዕሎች እንዲሠራ ታዘዘ። ከአካዳሚው የተላኩት ዳኞች አይተው ለአዳራሹ አይገቡም ብለው አስወጧቸው። ማሞንቶቭ በራሱ ገንዘብ ከኤግዚቢሽኑ አጥር ውጭ ሌላ ቤት አሠርቶ ሥዕሎቹን ለሕዝብ አሳየ። በኪየቭ የደረሰበት በዚህም ደረሰበት፤ ግድግዳ ተሰጥቶት ሳለ ተነጠቀ። በዚያው ዓመት ናዴዥዳ ዛቤላ የተባለችውን የኦፔራ ዘፋኝ አገባ። እርስዋ በመድረክ የምትጫወተውን እየሣለ፥ ልብስዋንም እየነደፈ ጥቂት የደስታ ዓመታት አሳለፈ፤ በ1900 ዓ.ም. የሣላት ያቺ ነጭ ክንፍ ያላት ልዕልት የዚህ ዘመን ፍሬ ናት።

በ1901 ዓ.ም. ሳቫ የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ ልጁ የላይኛው ከንፈሩ የተሰነጠቀ ነበረ። አባት ይህን አይቶ ልቡ ተሰበረ። በዚያው ወራት «የወደቀው ጋኔን» የሚለውን ሥዕል ይሠራ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ሥዕሉ በሴንት ፒተርስቡርግ ትርዒት ላይ ከተሰቀለ በኋላ እንኳ አልተወውም። ተመልካች ከመግባቱ በፊት ማለዳ ማለዳ እየመጣ የጋኔኑን ፊት ይለውጠው እንደ ነበረ ባልንጀሮቹ መስክረዋል፤ አንድ ቀን ፊቱ የሚያስፈራ፥ ሌላ ቀን የሚያሳዝን ሆኖ ይገኝ ነበር። በዚያው ዓመት የአእምሮ ሕመም ጸንቶበት ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። በ1903 ዓ.ም. ጥቂት ተሽሎት ከቤተ ሰቡ ጋር ሲጓዝ ትንሹ ልጁ ሳቫ በዚያችው በኪየቭ ከተማ ሞተ።

ከዚህ የተነሣ ጋኔን ስለ ሣለ ጋኔን ያዘው የሚሉ ሰዎች ተነሡ። እንዲህ ያለ ንግግር በእኛም መንደር የታመመ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ ይሰማል። ነገር ግን የቭሩቤል በሽታ በደምና በነርቭ ላይ የሚሠራ የታወቀ የሥጋ በሽታ ነበረ፤ ዓይኑን ያጠፋውም ይኸው ነው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ ጌታችን ምን እንደ መለሰላቸው እናውቃለን። የአእምሮ ሕመምን እንደ ቅጣት የሚቈጥር ቤተ ሰብ በሽተኛውን ሁለት ጊዜ ያሳምመዋል፤ አንድ ጊዜ በደዌው፥ አንድ ጊዜ በኀፍረቱ።

በሕመሙ መካከል ያደረገው ነገርም ይህን ሐሜት ያፈርሰዋል። በ1904 ዓ.ም. ጤና ባገኘበት ጊዜ የሣለው ጋኔን አይደለም፤ ነቢዩ ኢሳይያስ በመቅደስ ያየውን ባለ ስድስት ክንፍ ሱራፌል ነው። መልአኩ በአንድ እጁ ሰይፍ፥ በሌላው የሚነድ እሳት ይዞ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ያያል፤ ክንፎቹ እንደ ቬኒስ ሞዛይክ ናቸው። በ1905 ዓ.ም. ሥዕሎቹን ባወጣበት በዚያው አካዳሚ የክብር ማዕርግ ተሰጠው። በ1906 ዓ.ም. የነቢዩ ሕዝቅኤልን ራእይ እየሣለ ሳለ የዓይኑ ብርሃን ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመታት በጨለማ ኖረ። ሚስቱ እየመጣች ትዘምርለት ነበር፤ እኅቱ አናም አጠገቡ ተቀምጣ መጻሕፍት ታነብለት ነበር። በ1910 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስቡርግ ዐረፈ፤ ባለ ቅኔው አሌክሳንድር ብሎክ በመቃብሩ ላይ ንግግር አደረገ።

በመጨረሻ ዓመታቱ ቭሩቤል ኪየቭን በጐበኘ ጊዜ በቅዱስ ቄርሎስ ቤተ ክርስቲያን በወጣትነቱ በሣላቸው በሚያለቅሱት መላእክት ፊት ቆሞ፥ መመለስ የሚገባኝ ወደዚህ ነበር የሚል ቃል እንደ ተናገረ ይነገራል። «በወደቀው ጋኔን» ክንፍ ላይ እንዲያበራ የቀላቀለው የናስ ዱቄት በዘመን ብዛት ጠቍሯል። የቅዱስ ቄርሎስ ሐዋርያት ግን ዛሬም በጣራቸው ሥር ተቀምጠዋል፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ወደ ኪየቭ ዳርቻ ወጥቶ ያያቸዋል።

እንግዲህ ለእኛ ቤት የሚሆነውን እንናገር። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። ተሰጥዎ አንድ እጅ ነው፤ ሁለተኛው እጅ የሚሠራበት ስፍራና የሚቀበለው ሕዝብ ነው። በየቤታችን ደብተሩን በሥዕል የሚሞላ፥ ወይም ድምፁ ያማረ፥ ወይም ዕንጨት ጠርቦ መልክ የሚያወጣ ልጅ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ይህን ትተህ ትምህርትህን አጥና እንለዋለን፤ ወይ አድንቀን ብቻውን እንተወዋለን። ሁለቱም አይጠቅመውም። ልጁን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ፥ ወደ ማኅሌቱ መሪጌታ፥ ወደ ጠራቢው ዘንድ ይዘነው እንሂድ፤ የሚቀድመውን ሰው እጅ እያየ በትንሽ ግድግዳ ይጀምር። የደብር አስተዳዳሪዎችና የሰበካ ሽማግሌዎችም አዲስ ንድፍ ይዞ የመጣውን ወጣት ከመመለሳቸው በፊት አንድ ጊዜ ይምከሩ። ያቀረበው ለዚህ ግድግዳ የማይስማማ ቢሆን ሥርዐቱን አስተምረው የሚስማማውን ይስጡት እንጂ በጠርዝ ጌጥ ብቻ አይሸኙት። ሠራተኛ ሲከፈለው በበዓል ቀንም ይጠራ፤ ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሰው የሚቈርስበት ገበታ ይኑረው።

አናም አትረሳን። ስምዋ በሙዚየም ግድግዳ ላይ በሥዕል ሠሪነት አልተጻፈም። ከልጅነቱ ጀምሮ ደብዳቤውን የተቀበለች፥ በገንዘብ ሲቸገር የረዳችው፥ ዕውር ሲሆን ያነበበችለት እርስዋ ናት። በቤታችን የታመመ ወይም መንገዱ የጠፋበት ወንድም ቢኖር፥ በሽታውን ልናስወግድለት ባንችል እንኳ ወንበራችንን አስጠግተን ልናነብለት እንችላለን።